ለጋሼ የሰጠነው ኖራ

ባሌን አገር ምድሩ የሚጠራው «በልኩ» እያለ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ሥራው ያወጣለት ነው። የአረም መድኃኒት ረጪ ነው፤ ሃያ ሊትር የሚይዝ ፓምፕ ጀርባው ላይ አዝሎ ከማሳ ማሳ ሲዞር ይውላል። ባለማሳ ደግሞ አረም ሲያይ ችኩል ነው፤ «እስቲ መድኃኒቱን ጨመር አድርግበት» ይለዋል። ባሌ የመለኪያዋን ኩባያ እስከ ዓይኑ ከፍ ያደርግና መስመሯን አይቶ «በልኩ ነው» ይላል። አለቀ። ከዚያ ወዲያ ቢለምኑትም ቢቆጡትም አንዲት ጠብታ አይጨምርም።

እኔ ደግሞ፣ ደብቄስ ምን አተርፋለሁ፣ ለፍላፊ ነኝ። ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድ ቀድሞ የወጣው ምላሷ ነው» እያለች ጎረቤት ታስቅብኝ ነበር። እኔ የሁለት ሰው እናገራለሁ፣ እሱ የሁለት ሰው ዝም ይላል፤ እንዲህ ተቻችለን ስንት ዓመት ኖርን። ያ ዝምታው አንድ ቀን ሊያጠፋው ነበር፤ የማጫውታችሁ ይህንኑ ነው።

ታላቅ ወንድም አለው። እሱም እኔም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ ባሌ የወተት ጥርሱ እንኳ ያልረገፈ ልጅ ነበር፤ አጥበው፣ አብልተው፣ ትምህርት ቤት አመላልሰው ያሳደጉት ጋሼ ናቸው። እኔን ያጋቡትም እሳቸው ናቸው። የአባታቸውን መሬት እኩል ተካፍለው ጎን ለጎን ያርሳሉ፤ በሁለቱ ማሳ መሃል አንድ ሰው በቅጡ የማያሳልፍ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው ያለው።

የፓምፑን ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ትፈልጉታላችሁ። የሞላ ፓምፕ ብቻህን ጀርባህ ላይ አይወጣልህም፤ አንድ ሰው ከኋላ ማንሳት አለበት። በሰው ማሳ ሲሆን ባለማሳው ያነሳለታል። እኛ መሬት ላይ ሲሆን ግን ሁልጊዜ የሚያነሱለት ጋሼ ናቸው። ማንጠልጠያውን ትከሻው ላይ ያስተካክሉለትና ጀርባውን ቸብ አድርገው «ሂድ» ይሉታል። ባሌ ሽበት አብቅሏል፤ እሳቸው ግን ያንኑ ደብተሩን ይዞ የሚሮጠውን ልጅ ነው የሚያዩት።

እኛ ጋ አፈሩ ኮምጣጣ ነው። ባለሙያዎቹ አሲዳማ ይሉታል። ማዳበሪያ ብትደፋበት እህሉ አይበላውም፣ ልፋትህ ሁሉ መና ነው። የሚያሽረው ኖራ ነው፤ እንደ ዱቄት የተፈጨ ድንጋይ ነው፣ ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ኮምጣጣነቱን ይሰብረዋል። አንድ ዓመት የገበሬዎች ማኅበሩ ኖራ በጭነት መኪና አስመጣ። እልል ልንል ስንዘጋጅ ለየቤቱ የደረሰው ግማሽ ማሳ እንኳ በቅጡ የማያለብስ ሆኖ ተገኘ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ባሌ ግማሽ ግማሽ ብንበትነው ለሁለቱም ወንድማማች አይረባም፣ የሁለታችን ድርሻ አንዱን መሬት ቢያለብስ ይሻላል ብሎ አሰበ። ማሰቡንስ ያስብ። ግን የማን መሬት ይልበስ? የጋሼ ነዋ! እኔን ሳያማክር የኛን ከረጢቶች በጋሪ ጭኖ ወሰደላቸው።

እንዴት እንደተናደድኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም። በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ ደረስኩበት። ጋሼ ቤት አልነበሩም፤ ጋሪው ከብረት በራቸው ፊት ቆሞ ባሌ ከረጢቶቹን ብቻውን ያወርዳል። ነጭ ዱቄት እስከ ቅንድቡ አልብሶታል። እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ ለቀቅኩት። የኛ መሬት የእንጀራ ልጅ ነው ወይ አልኩ፤ እኛ ድንጋይ እንድንበላ ነው ወይ አልኩ፤ ከአንተ ጋር ከመኖር ከግድግዳ ጋር መኖር ይሻላል አልኩ። ጎረቤት ሁሉ ከየአጥሩ አንገቱን አወጣ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ የሆነ ነገር አጉተመተመ። ምን እንዳለ አልሰማሁትም፤ እኔ በዚያን ሰዓት የምሰማው የራሴን ድምፅ ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት ሁለቱም ስንዴ ዘሩ። አረሙ ሲወጣ ባሌ ሁለቱንም ማሳ በአንድ ጠዋት ረጫቸው። ከአንድ ጠርሙስ፣ በአንድ ኩባያ፣ በአንድ ልክ። ውሃውን ከቧንቧ የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ፓምፑን ያነሱለት ጋሼ ናቸው። ከዚያ የጋሼ ስንዴ እንዴት ያለ ስንዴ ሆነ መሰላችሁ! መንገደኛ ቆሞ ያየው ነበር። የኛ ግን ከጉልበት አላለፈም። እኔም በየቀኑ ባሌን «አየህ? አየህ ያንተን ደግነት?» እያልኩ ስነዘንዘው ከረምኩ። ቻለኝ። ምን ምርጫ አለው?

ተከታዩን ወቅት ሁለቱም አተር ዘሩ፤ ከስንዴ በኋላ መሬቱን ያሳርፋል ይባላል። በመሃል ጉንፋን ጥሎኝ ከቤት ሳልወጣ ሰነበትኩ። እንደተሻለኝ፣ አንድ ጠዋት፣ አተራችንን ልየው ብዬ ወጣሁ። ማሳው ጋ ስደርስ ክው አልኩ።

የኛ አተር እንደ አቅሙ ለምልሞ እርስ በርሱ ተያይዟል። የጋሼ ግን ሞቷል። መሞት እንኳ አይደለም፣ ከመሞት ይብሳል፤ በቅሎ፣ ከሌባ ጣቴ ሳይበልጥ ቆሟል። ጫፉ ቢጫ ነው፣ ቅጠሉ ተጨማዷል። አንዱን ስስበው ያለ ምንም ትግል እጄ ላይ መጣ፤ ሥሩ ጎራዳ ነበር፣ ያለቀ መጥረጊያ ይመስላል። ያ ያማረ መሬት፣ ያ ስንዴው ሰው ያቆም የነበረ መሬት! እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ።

ሌላ ነገር ደግሞ አየሁ። ከኛ ድንበር ቀጥሎ፣ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድ ክፍል ቤት በሚያህል ስፋት የጋሼ አተር ደህና ነው። ለምለም ነው፣ የኛን ይመስላል። ከዚያ በድንገት ቢጫው ይጀምራል። እኔ ነገሩ አልገባኝም። ጋሼ ግን ገብቷቸዋል፤ ወይም የገባቸው መስሏቸዋል። ማሳው መሃል ቆመው ነበር፤ ባሌም ቀድሞኝ መጥቶ ፊታቸው ቆሟል።

«የረጨኸው አንተ ነህ» አሉት። ድምፃቸው ከፍ አላለም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። «ድንበሩ ጋ ስትደርስ ለራስህ መሬት ሳስተህ መርጫውን ዘጋህ። እኔ ላይ ደፋኸው። የት ድረስ እንደዘጋኸው ይኸው መሬቱ ራሱ ይመሰክራል።»

«በልኩ ነበር፣ ጋሼ» አለ ባሌ።

«ልክህንማ አየሁት። ከዛሬ ወዲያ ወንድም የለኝም። እዚህ መንገድ ላይ ግንብ አቆማለሁ። ስሞትም በዚያ በኩል እንዳትመጣ።»

እኔ ዝም እንደማልል ታውቃላችሁ። መድኃኒቱ ቢበዛ ኖሮ ስንዴዎት እንዲያ ያምር ነበር ወይ አልኳቸው። ያ መድኃኒት ስንዴን እንደማይነካ፣ እንደ አተር ያለውን ቅጠለ ሰፊ ብቻ እንደሚያጠፋ ሕፃን ያውቃል አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደግሞም ያ ለምለም ጥብጣብ እዚያው ተኝቷል፤ ምን ብዬ ልከራከር? ባሌን አየሁት። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። አንድ ነገር ተናገር፣ ማል፣ ተገዘት፣ አልቅስ፤ ምንም የለ።

ወሬ ክንፍ አለው። ከዚያች ቀን በኋላ ባሌን ለመርጨት የሚጠራው ሰው ጠፋ። ትናንት «በልኩ፣ በልኩ» ይሉት የነበሩት ሰዎች ዛሬ ስሙን መቀለጃ አደረጉት፤ ሱቅ ጋ ዘይት የሚቀዳው ሰውዬ «በልኩ ነው ወይስ እንደ ወንድሙ ማሳ ልድፋው?» ሲል ሰውን ሲያስቅ በጆሮዬ ሰማሁ። ምን እንዳልኩት አልነግራችሁም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከዚያ ሱቅ ዘይት ገዝቼ አላውቅም። ፓምፑ ዕቃ ቤት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለበሰ። ጋሼ ደግሞ ያሉትን ሊያደርጉ የግንብ ድንጋይ በመኪና አስመጥተው ድንበሩ ላይ አራገፉ። ድንጋዩ ሲራገፍ ድምፁ እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። ባሌ የያዘውን ማንኪያ አስቀምጦ ከማዕድ ተነሳ።

ከሁሉ የባሰ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ከሰዓት ዕቃ ቤት ስገባ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የመለኪያ ኩባያዋን በውሃ እየሞላ ወደ ሊትር ጠርሙስ ይገለብጣል፣ ይቆጥራል፣ ይደፋዋል፣ እንደገና ይጀምራል።  ኩባያዋ ትዋሽ እንደሆነ እያየ ነው። ሰው አላመነውም፤ አሁን ደግሞ እሱም ራሱን ማመን አቆመ። ይሄ ሰው ያለ ወንድሙ አይኖርም ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው። ይሞትብኛል ብዬ ነው ያሰብኩት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? በማግስቱ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ የአፈር ባለሙያ አለች፣ ወጣት ናት፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። ጠረጴዛዋ ፊት ተቀምጬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወራሁላት። አላቋረጠችኝም፣ ለዚህም ወድጃታለሁ። ስጨርስ አካፋዋን አንስታ ተከተለችኝ።

ከሦስት ቦታ አፈር ወሰደች፤ ከኛ ማሳ፣ ከጋሼ የሞተው መሃል፣ ከለምለሙ ጥብጣብ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት አንገቱን ቆርጣ አፈሩን ለየብቻ ሞላችና አተር ዘራችባቸው። ከዚያ ቢሮዋ መስኮት ላይ ደርድራ ውሃ እያጠጣች ጠበቀች። እኔም ሰበብ እየፈለግኩ ስመላለስ ሰነበትኩ። የኛው አፈር ላይ አተሩ ወጣ፣ አማረ። የጥብጣቡም አማረ። ከመሃሉ የመጣው ግን ጫፉ ቢጫ ሆኖ ቆመ። መድኃኒቱ አሁንም እዚያ አፈር ውስጥ አለ ማለት ነው። ልቤ ወረደ። ባሌ ተፈረደበት ብዬ።

ባለሙያዋ ግን አፈሩን በሌላ ነገርም መርምራው ነበር። ጠርሙሶቹን ካርቶን ውስጥ ይዛ እኔን አስከትላ ወደ ማሳው መጣች፤ ጋሼንና ባሌንም አስጠራች። ሁለቱ ወንድማማቾች በድንጋዩ ክምር ወዲያና ወዲህ ቆሙ። እትዬም መጡ፣ የጋሼ ሚስት ማለቴ ነው፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ቆሙ። እትዬ ሰው ፊት የማይናገሩ ሴት ናቸው። በዝምታ ከባሌ ጋር ቢወዳደሩ ያሸንፉታል።

ባለሙያዋ ጋሼን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻቸው፤ «ያን ጊዜ ኖራውን ሲበትኑ የት ድረስ ደረሰልዎት?»

ጋሼ ግራ ገባቸው። በዚያኛው ጫፍ ጀምረው ወደ ድንበሩ ሲመጡ ጥቂት ሲቀራቸው እንዳለቀባቸው ነገሯት። የት ጋ እንዳለቀ አሳዩኝ ስትላቸው በእግራቸው ሄዱ፣ አንድ ቦታ ቆሙ። የቆሙት ለምለሙ አልቆ ቢጫው በሚጀምርበት መስመር ላይ ነበር። እግራቸውን ወደ ታች አዩ። 

እሷም አስረዳችን። አንዳንድ የአረም መድኃኒት በጊዜው ካልጠፋ ለተከታዩ ሰብል መርዝ ነው፤ የሚያጠፋው ደግሞ አፈሩ ራሱ ነው። ይሄኛው መድኃኒት ኮምጣጣ አፈር ውስጥ ሲገባ ቶሎ ይፈራርሳል። የኛ አፈር እንደ ድሮው ኮምጣጣ ስለነበር አንድ ወቅት ሳይሞላ ጨርሶታል። የጋሼ ግን ኖራ በልቶ ኮምጣጣነቱ ተሰብሯል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ሳይፈርስ ተቀመጠ፣ አተሩን ጠበቀው። ኖራው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ስንዴውን ያሳመረው እሱ ነው። ኖራና ይሄ መድኃኒት አንድ መሬት ላይ መገናኘታቸው ነው ጥፋቱ። ኖራውን ስናድላችሁ ይሄን አብረን መንገር ነበረብን፣ የኛም ጥፋት ነው አለች። ጋሼ ከሰል ደቁሰው ቢበትኑበትስ ብለው ጠየቋት፤ የሆነ ቦታ ሰምተዋል። ከሰል መርዙን ይይዘዋል፣ ግን ማሰር ነው እንጂ መጨረስ አይደለም አለቻቸው። የበሰበሰ ፍግና ብስባሽ ጨምሩበት፣ አፈሩ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ነፍሳት በርትተው ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ እስከዚያው አተር ትታችሁ ስንዴ ዝሩበት አለች።

እኔ በደስታ ልዘል ነበር። ባሌ አላበዛም፣ አልዘጋም፣ በልኩ ነበር! ጋሼ አሁን ድንጋዩን ተሻግረው ይስሙታል ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ግን አልተፈታም። እንዲያውም ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ኖራውን ማን አመጣልኝ?» አሉ።

ከዚያ በእጃቸው ወደ ባሌ አመለከቱ።

«እኔ ጠይቄዋለሁ? አልጠየቅሁትም። ቤት በሌለሁበት ደጄ ላይ አራግፎት ሄደ። የራሱን ድርሻ እንኳ ሳያስቀር። መድኃኒቱን ከሱ በላይ የሚያውቀው የለም፣ ዕድሜውን ሙሉ የረጨው እሱ ነው። ታዲያ የራሱን መሬት ቅንጣት ኖራ ያላስነካው ለምንድነው?»

በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ለማዳን ያመጣሁት እውነት ዞሮ ባሌን አነቀው። ለራሱ ሳስቶ ጨመረ ከመባል አውቆ ገደለ ወደ መባል ተሸጋገርን፤ እዚህ ያደረስኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ባለሙያዋን ጎትቼ ያመጣሁት። ልጅቷ ይሄን ነገር ረጪዎች እንደማያውቁት፣ እሷም ያረጋገጠችው መርምራ እንደሆነ ልትነግራቸው ሞከረች። ጋሼ አልሰሟትም። ባሌ ወንድሙን ያያል። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ አፉ ተከፍቷል፤ ቃል የለም። እኔስ? ያ ሁሉ ምላስ የት ሄደ? 

ያን ጊዜ እትዬ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፍተው ወደፊት መጡ።

«አንተ በሌለህበት እኔ ነበርኩ» አሏቸው ባላቸውን። «ኖራው የመጣ ቀን። ይቺ» ብለው በአገጫቸው ወደኔ አመለከቱ፣ «ይቺ ደጃችን ላይ ቆማ አገር ምድሩን ስትጠራ እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ እሰማ ነበር። አፍሬ ሳልከፍት ቀረሁ። ብዙ ጮኸች። እሱ ምን ብሎ እንደመለሰላት እሷ አልሰማችም፣ ትጮህ ነበራ። እኔ ግን በሩ ሥር ስለነበርኩ ሰማሁት።»

ሁላችንም ወደሳቸው ዞርን። 

«"የዘንድሮው ለጋሼ ይሁን" አላት። "ለከርሞ የሳቸውንም ድርሻ ለምኜ የኛን መሬት በደንብ አለብስልሻለሁ፤ አተርሽን ያኔ ታይዋለሽ" አላት። ኖራው አተር እንደሚገድል የሚያውቅ ሰው ለራሱ ሚስት እንደዚያ ብሎ ቃል ይገባል? ማንም በማይሰማው ድምፅ?»

  ጋሼ ለግንብ ባስመጡት ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጫኑ።  ከዚያ ተነስተው ማንንም ሳያዩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኔ ባሌን አየሁት። «እውነት ብለኸኛል?» አልኩት። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። አንድ ዓመት ሙሉ ስነዘንዘው፣ «አየህ ያንተን ደግነት» ስለው፣ አንድ ቀን እንኳ «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም። እኔን አፈር ይብላኝ። እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሼ ግን አልመጡም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሌላም። ተጣልተው እንዳልሆነ ይገባኛል፤ አፍረው ነው። ትልቅ ሰው ሲያፍር ከተቆጣበት ጊዜ ይልቅ ይርቃል። ግንቡም አልተሠራም፣ ድንጋዩም አልተነሳም። እትዬ አንድ ቀን አጥር ላይ ሲያገኙኝ ጋሼ እንቅልፍ አጥተዋል አሉኝ። የኔውም አጥቷል አልኳቸው። የሁለት ዝምተኞች ሚስቶች ሆነን ተያየን።

ጋሼ እንደተመከሩት ስንዴ ዘሩ። በቀለ። አረሙም አብሮ ብቅ አለ። ባለሙያዋ ኖራ ባለበት መሬት የማይቆይ ሌላ ዓይነት መድኃኒት አዛለች። አሁን ማን ይረጭላቸዋል? ሌላ ረጪ ይጠሩ ይሆን? ባሌ ይሄን ሲያስብ እንደሚውል ሳይነግረኝ አውቅ ነበር፤ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ፓምፑን ያያል፣ ይመለሳል። ሌላ ሰው ጀርባ ላይ ፓምፕ ሲያነሱ ያየ ቀን አበቃለት ብዬ እኔም ስፈራ ከረምኩ።

አንድ ጠዋት ግቢ ስጠርግ የብረት በራችን ተንኳኳና ጋሼ ገቡ። እግዜር ይመስገን እንኳ በቅጡ አላሉኝም። በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደው ፓምፑን ከሚስማሩ አወረዱ፣ በእጃቸው አቧራውን ጠረጉት። ቧንቧው ሥር አስቀምጠው ውሃ ከፈቱ። ከኪሳቸው የመድኃኒቱን ጠርሙስ አወጡ። ባሌ ከቤት ወጥቶ ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀረ። እኔም መጥረጊያዬን እንደያዝኩ።

ጋሼ መድኃኒቱን ወደ መለኪያ ኩባያዋ ቀዱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ኩባያዋን ወደ ብርሃኑ ከፍ፣ ዝቅ፣ እንደገና ከፍ አደረጓት። መስመሯን አገኟት።

«በልኩ ነው?» አሉ፣ ለባሌ እያሳዩት።

ባሌ መጥቶ አየ። «በልኩ ነው፣ ጋሼ።»

ፓምፑ ውስጥ ገለበጡት። ከዚያ ከኋላው ዞረው አነሱለት፣ ማንጠልጠያውን ትከሻው ላይ አስተካከሉ። ጀርባውን ቸብ ሊያደርጉት እጃቸውን አነሱና እጃቸው እዚያው ጀርባው ላይ ቀረ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።  በኋላ በቀጭን ድምፅ «ሂድ» አሉት። ሄደ። ከበሩ እስኪወጣ እንባውን እንኳ ለመጥረግ እጁን አላነሳም።

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ።

መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። 

«ያን ቀን ደጄ ላይ እንዲያ ባትጮኺ ኖሮ ሚስቴም በሩ ሥር አትመጣም ነበር። ዛሬ ወንድም አይኖረኝም ነበር።»

እናቴ ይሄን ብትሰማ እላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ «ዝም በይ» የተባልኩት ሴትዮ! ምን ልበል? የመጣልኝን ነው ያልኩት፤ «ታዲያ የዘንድሮው ኖራ የኛ ነዋ?» አልኳቸው። ጋሼ መጀመሪያ አፈጠጡብኝ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ከመንገድ ማዶ፣ ከነፓምፑ፣ ባሌም ሲስቅ ሰማሁት። የግንቡን ድንጋይ በኋላ ሦስታችን ተሸክመን የብስባሽ ጉድጓድ ከበብንበት፤ ጉድጓዱ የተቆፈረው በጋሼ መሬት ነው፣ ፍጉ ከኛ ግቢ ነው የሚሄደው።